ሰላማዊ ብሎ ተቋረጠ

«ሐይቁ ረጋ ቢሉኝ ወርጄ ባየው፣
እም… እም እም… እምም… የው…»

ሽታዬ የዓሣ ቅርፊት በቢላዋ ጀርባ ስትፍቅ የምታንጎራጉረው ይቺኑ ነው። ሁለተኛዋ ስንኝ ከጠፋቻት ቆይታለች። አባቷ ክራር ደርዳሪ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲያንቆረቁራት እየሰማች ነው ያደገችው። እሱ ሲሞት ክራሩ ለአጎቷ ልጅ ደረሰ፣ ዜማው ለእሷ ደረሰ፣ ግጥሙ ግን እኩሌታው አብሮት አፈር ገባ። የተረፈቻት ቤት መምቻዋ ብቻ ናት። «የው» ብላ ትዘጋና ዝም ትላለች፤ ግድግዳው ፈርሶ በሩ ብቻ ቆሞ የቀረ ቤት ይመስል።

የእሷ ቤት፣ ቤት ከተባለ፣ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ጀርባ ነው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከጎን ሸራ፣ ከፊት ሐይቅ። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ገና ሲፈራገጥ ትረከባለች። ወደ ምሳ ላይ ሾርባው ይንተከተካል፣ ጥብሱ ይንጨረጨራል፣ ዳጣው ከሩቅ አፍንጫ ይሰነፍጣል። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ እግረ ረጃጅም ወፎች፣ ራሰ በራቸውን ደፍተው እንደ ዕድር ሽማግሌ ተሰልፈው አንጀት እስክትወረውርላቸው ይጠብቃሉ።

ዓሣ አስጋሪዎቹ «ስሟ ሥራዋን ቀድሞ ያወቀ ሴት» ይሏታል።

«እትዬ ሽታዬ! መሐል ሐይቅ ሆኜ መንገዱ ቢጠፋኝ በስምሽ ደረስኩ!» ይላታል ሱሌይማን ጀልባውን እያሰረ።

«አንተ ዝም በል! አንተን የዋጠ ዓሣ እንኳ ይተፋሃል!»

አባቷ ግን ሽታዬ ያላት ለዚህ አልነበረም። በተወለደች ሰሞን አቅፎ አንገቷ ሥር ሲያሸታት አሪቲ አሪቲ አለው፤ «የኔ ሽታ» ብሎ በዚያው ቀረ። ያኔ በእነሱ ቤት ሽታ ማለት መዓዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ቃሉ ይሁን እሷ፣ እሷም አታውቀውም።

አንድ ልጅ አላት። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ሲወለድ አላለቀሰም። አዋላጇ አገላበጠችው፣ ጀርባውን መታችው፤ ዝም። ሽታዬ «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ እንደ ጫጩት፣ ጺው አለ። ስሙን አልአዛር አለችው፤ ከመቃብር ወጥቶ በእግሩ በሄደው ሰው ስም። ያ ልጅ አደገና መሬት አልበቃ አለው። ባሕር በሌላት አገር የመርከብ ሞተር ተምሮ በአንድ የውጭ አገር ጭነት መርከብ ተቀጠረ። ሰው «ልጅሽ የት ነው?» ሲላት ሽታዬ በቢላዋዋ ወደ ሐይቁ ትጠቁማለች። ሌላ የምታውቀው ውሃ የለማ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። እጇ በዓሣ ደም ጨቅይቶ ስለነበር ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ነው የያዘችው።

«እማ! ትሰሚኛለሽ?»

«አልዬ! የት ነህ አንተ?»

«እየወጣን ነው… የመርከቧ ኔትወርክ ተበላሽቷል… ብዙ ቀን ላልደውል እችላለሁ… አታስቢ እሺ? ሰላማዊ…»

ጭጭ አለ።

«ሄሎ! ሄሎ! ሰላማዊ ምን?»

ስልኩ አልመለሰላትም። እሷ ግን ፊቷ ፈካ። ልጇ አታስቢ ብሏል፣ ሰላማዊ ብሏል፣ እናት ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? ለሱሌይማን ነገረችው፣ ዳቦ ለምታመጣላት ሴት ነገረቻት፣ ለአባ ኮዳዎቹ ሳይቀር አንጀት ጨምራ ወረወረችላቸው። «ልጄ ደወለልኝ፤ ሰላማዊ ነው አለኝ!»

ደስታዋ ያደረው አንድ ሌሊት ነው። በማግስቱ ጋሽ ፍቅሬ መጡ።

ጋሽ ፍቅሬ ታቦር ተራራ ወገብ ላይ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ጥርሳቸው ከዓሣ እሾህ ጋር ስለተጣላ ምሳቸው የሽታዬ ሾርባ ነው። ወሬውን ሰምተው ማንኪያቸውን አቆሙ።

«እንዴት ብሎ ነው ያለሽ? ቃል በቃል ንገሪኝ እስቲ።» መምህር መቼም መምህር ነው።

«አታስቢ፣ ሰላማዊ፣ አለና ተቋረጠ።»

«‹ነው› አላለም?»

«‹ነው› ቀረ ብዬ ላልቅስ እንዴ ጋሼ? የቀረው ‹ነው› አይደል!»

«አይ… ሰላማዊ ውስጥ ልንገባ ነው ሊል ፈልጎም ይሆናል ብዬ ነው። ሰላማዊ ውቅያኖስ። ፈረንጆቹ ፓስፊክ የሚሉት።»

የማንኪያቸውን ጫፍ ዳጣው ውስጥ ነክረው የላስቲኩ ጠረጴዛ ልብስ ላይ ዓለምን ሣሉላት። ይህ እስያ፣ ያ አሜሪካ። በመሐከላቸው አበባ የታተመበት ሰፊ ላስቲክ ባዶውን ተዘርግቶ ነበር።

«ይኼ ሁሉ ሰላማዊ ነው። የዓለም የብስ በሙሉ ተጠቅልሎ ቢገባበት ይውጠዋል!» አሏት በኩራት። ትልቅ ነገር ለጂኦግራፊ መምህር ደስታ ነው፤ ሊያስደስቷት ብለው ነበር። ሽታዬ ግን ላስቲኩን ስታይ ቆየች። ከዚያ ጨርቅ አምጥታ ዳጣውን ጠረገችው። ዓለም ጠፋ፤ ቀይ ቅሪቱ ግን ከአበቦቹ መሐል አልለቅ አለ።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ጎረቤቷ ቤት ለእራት ቁጭ እንዳለች ቴሌቪዥኑ «በሰላማዊ ውቅያኖስ የተነሣው ከባድ አውሎ ነፋስ…» ሲል ሰማች። ጀልባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አየች፤ ዘንባባ እንደ ሴት ፀጉር ተበትኖ አየች። ሰላማዊ። ከባድ አውሎ ነፋስ። ሁለቱ ቃላት በአንድ ትንፋሽ እንዴት እንደተባሉ ግራ ገባት። ያነሣችውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መልሳ ብድግ አለች።

«ምነው ሽታዬ? ወጡ ጨው በዛው?» አለች ጎረቤቷ።

«እንዲያው ነው። አልአዛር እግሩ መሬት እስኪረግጥ፣ እኔም ቁጭ ብዬ እህል አልቀምስም።»

ተናገረችው፤ ከተናገሩት በኋላ ደግሞ መመለስ የለም። ከዚያ ወዲህ የምትበላው በምድጃውና በውሃ በርሜሉ መሐል ቆማ ነው፤ ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ እጅ ጠረግ። ቆመው የበሉት ደግሞ ሆድ አይገባም፤ ጉልበት ላይ ነው የሚቀረው።

«እትዬ፣ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ማኅበር ገባሽ እንዴ?» አላት ሱሌይማን። አልሰደበችውም። ሱሌይማን ያን ጊዜ ነው ነገሩ የከበደ መሆኑ የገባው።

ጋሽ ፍቅሬ በሚቀጥለው ቀን ሲመጡ ሾርባውን ከማቅረቧ በፊት ጥያቄውን አቀረበችላቸው።

«ጋሼ፣ ማን ነው ሰላማዊ ያለው?»

«ማጅላን የሚባል ፖርቱጋላዊ ነው ይባላል። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት፣ በስፔን ንጉሥ መርከብ ወጥቶ። ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ አንድ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አለ፤ እዚያ ውስጥ ነፋሱና ውርጩ አሳሩን አበላው። ከዚያ ወጥቶ ወዲያኛው ባሕር ሲደርስ ውሃው ጸጥ ብሎ ተቀበለው። ሰላማዊ አለው።»

«እሱ የደረሰ ዕለት ጸጥ ብሎ ነበር ማለት ነው።»

«ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን ጸጥ ብሎለታል ይላሉ።»

«እሺ። ማዕበል ያገኘው ሰውስ? ተመልሶ ይህ ስም ልክ አይደለም አላለም?»

ጋሽ ፍቅሬ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ሊሉት የነበረውን ከምራቃቸው ጋር ዋጡት። ሽታዬ ግን በጉሮሯቸው ሲወርድ አየችው፤ ማዕበል ያገኘው ሰውማ መቼ ተመልሶ።

ነገር ለማስቀየር ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «የኛም ስም እኮ ባሕር ላይ ነበር! በድሮ የፈረንጅ ካርታ፣ የዛሬው ደቡብ አትላንቲክ የኢትዮጵያ ባሕር ተብሎ ይጻፍ ነበር።»

«እኛ ሳንነካው?» አለ ሱሌይማን ከውጭ መረቡን እየፈታ።

«ሳንነካው።»

«ዓሣውስ? ድርሻችንን ማን በላው?»

ሳቁ። ሽታዬ አልሳቀችም። አንዱ ሳይነካው በስሙ ይጠሩለታል፤ ሌላው አንድ ሰሞን ረግቶ ቢያገኘው ለዘላለም የረጋ ነው ይላል። እንዲህ ከሆነ ስም ምንድን ነው? ወረቀት ላይ የተጻፈ ሰላምታ? ወደ ምድጃው ዞራ ዓሣውን ስትገለብጥ፣ ሳታስበው፣ ስንት ዘመን የፈለገቻት ስንኝ ከነዜማዋ ብቅ አለችባት፦

«ሐይቁ ረጋ ቢሉኝ ወርጄ ባየው፣
ከላይ ነው እንጂ ውስጡን ማን አየው።»

ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። አባባ፣ ምነው ዛሬ? ምነው በሌላ ቀን ብትልክልኝ?

ከዚያ ወዲህ ሽታዬ ውቅያኖሱን እንደ ጎረቤት ሴት ታማው ጀመር። «ሰላማዊ» ስትል ጥርሷን ነክሳ ነው፤ «እሷ» ነው የምትለው፤ ልጇን እንደነጠቀቻት ሴት።

በዚህ መሐል ነው ሲስተር የመጣችው።

ሲስተር ከጥቂት ወራት ወዲህ ደንበኛ የሆነች ልጅ ናት። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ትኖራለች፣ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ከነነጭ ጋዋኗ በባጃጅ ትመጣና ጥግ ይዛ ሾርባ ታዛለች፤ እኩሌታውን ትታው ትሄዳለች። ሽታዬ ስሟን ጠይቃት አታውቅም። ነጭ ጋዋን ለለበሰች ሴት ከሲስተር ሌላ ምን ስም ያስፈልጋታል? አንድ ነገር ግን ይገርማት ነበር፤ ልጅቷ ሁልጊዜ ከመሄዷ በፊት ስለ አልአዛር ትጠይቃለች። ጥሩ አስተዳደግ ያላት ናት ትላለች ሽታዬ በሆዷ።

ያን ቀን ሲስተር ሾርባውን ገና ሳትቀምስ ነው የጀመረችው።

«እትዬ ሽታዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር የመጣሁት… አልአዛር ደውሎልዎታል?»

«ደውሏል ልጄ። ሰላማዊ ብሎ ተቋረጠ።»

የልጅቷ ማንኪያ አፏ አጠገብ ቀረ። ፊቷ ቀላ። «እንደዚያ አለ? በስም… በስም ጠርቶ?»

«በስም እንጂ። እኔማ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ነው ስለሷ የጠየቅኩት።»

«ማንን ጠየቁ?»

«የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ የተማሩ። ስሟ ነው እንጂ ለስላሳ፣ እሷስ የለየላት ናት አሉ። ከላይ ሲያይዋት ጸጥ ያለች። ውስጧን ማን አየው?»

«እትዬ… ሰው የሚያወራውን ሁሉ እንዴት ያምናሉ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ እኮ! ቴሌቪዥን ላይ! የስንቱን እናት ልጅ በልታለች መሰለሽ። አሁን ደግሞ የኔን አንድ ልጅ ይዛብኝ። እኔ ሰላማዊን አላምናትም ሲስተር፤ ቁርጡን ልንገርሽ፣ ዓይኗን ላየው አልፈልግም!»

ሲስተር ቀስ ብላ ተነሣች። ማንኪያዋን ከሳህኑ ጎን አጋድማ አስቀመጠችው። «ይቅርታ» አለች። ይቅርታው ለምን እንደሆነ ሳትናገር ሄደች። ባጃጅ እንኳ አልጠራችም፤ በእግሯ፣ የሐይቁን ዳር ይዛ፣ ነጩ ጋዋን ከዛፎቹ መሐል ብልጭ ድርግም እያለ።

«ምን ሆነች?» አለች ሽታዬ።

«እኔ እንጃ» አለ ሱሌይማን፤ «ሾርባው ፀጉር ነበረው?»

ሾርባውን ቀመሰችው። ምንም አልነበረበትም። ልትነግራት የመጣችው ነገር ምን እንደነበረ ያሰበችው ከሄደች በኋላ ነው፤ ምናልባት ሾርባ አልተስማማኝም ልትል ይሆናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲስተር አልመጣችም። ሽታዬ ጥጉን እያየች «እሷንም ምን አስቀየምኳት?» ትላለች፤ ጭንቀት ላይ ጭንቀት።

ስልኩ ዝም እንዳለ ነው። ቀናቱ እርስ በርሳቸው ተመሳሰሉባት። ዘይት ሳታግል ዓሣ ትጨምራለች፤ ሾርባ ለጠየቀ ጥብስ ትሰጣለች። ቀሚሷ ሰፋባት። አንድ ጠዋት ሱሌይማን ቆሮሶውን ሲያስረክባት እንዲህ አላት፦

«እትዬ፣ እኔ ሳስበው ያ ፈረንጅ አልተሳሳተም። ሆን ብሎ ነው።»

«ምኑን?»

«እናንተ አያ ጅቦ ትሉ የለ? ጅብ ለማን ነው አያ የሚሆነው? ፈርታችሁት ነው። ታላቅ ወንድም ካሉት አይበላኝም ብላችሁ። ሰውዬውም ውቅያኖሱን አየው፣ ፈራው፣ ‹ሰላማዊ፣ ሰላማዊ› ብሎ አባበለው። ወላሂ ሌላ አይደለም።»

ሽታዬ አሰበች። «ታዲያ ጅቡ ይሰማል?»

ሱሌይማን ራሱን አከከ። «አንዳንዱ ይሰማል።»

የባሰ ግራ ገባት። አንዱ አርፎ ነው ይላል፣ አንዱ ፈርቶ ነው ይላል። እሷ ልጇን አልአዛር ያለችውስ? አርፋ ነው ፈርታ? ልጁ ከሞት ተመልሶ ነው አልአዛር ያለችው፤ ወይስ ሁለተኛ እንዳይሄድባት? ያን ጊዜ ያሰበችው ትዝ አለኝ ብላ ትጀምርና ይጠፋባታል፤ ዘፈኑ ድሮ እንደሚጠፋባት።

«ሱሌይማን፣ ወስደህ አሳየኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«ውሃውን። መሐሉን።»

ዕድሜዋን ሙሉ ከሐይቅ ስትበላ ሐይቅ ላይ ወጥታ አታውቅም። ውሃ ትፈራለች። ሱሌይማን ጀልባዋን ገፋ፣ ሽታዬ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ስልኳን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ወጣች።

«ተቀመጪ እንጂ እትዬ! ትገለብጪናለሽ!»

«ቁጭ ብዬ ላልበላ ነው እንጂ ያልኩት፣ መቀመጥማ…» አለችና ቁጭ አለች።

ጠዋት ነበር፤ ነፋሱ ገና አልተነሣም። ዳርቻው ራቀ፤ የገበያው ጫጫታ እንደ ተዘጋ ሬዲዮ ጠፋ። ታቦር ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ተኝቷል። መቅዘፊያው ካቆመበት ወዲያ አንድም ነገር አይንቀሳቀስም፤ ሰማይ ከላይ፣ ሰማይ ከታች፣ መሐል ላይ አንዲት ዓሣ ዓሣ የምትሸት ሴት።

«የኛ ሰዎች ሐዋሳ ሲሉ ሰፊ ማለታቸው ነው» አለ ሱሌይማን፤ እናቱ ሲዳማ ናት። «ሰፊ ብለው ተዉት። ረጋ አላሉ፣ ተቆጣ አላሉ።»

ሽታዬ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች። ያ ሰውዬ በዓይኗ መጣባት፤ ጢሙ ላይ በረዶ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ፣ እንደ እሷ ለስንት ቀን ቆሞ የበላ። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ቢወጣ ምን ይበለው?

«ደክሞት ነው» አለች።

«ማን?»

«ሰውዬው። አልዋሸም፣ አልፈራምም። ስለ ውሃው አይደለም የተናገረው፤ ስለ ራሱ ነው። ሰላም አማረው።»

ይህን ስትል ትንሽ ቀለላት፤ ወዲያው ደግሞ ከበዳት። ስሙ የሰውዬው ምኞት ከሆነ፣ ውሃው ምኞትን ምን ያውቃል? ልጇስ እምን ላይ ነው ያለው፣ ምኞት ላይ ነው ውሃ ላይ? ያን ጊዜ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተርገበገበ። ልቧ መስሏት በእጇ ያዘችው። ስልኩ ነበር፤ የማታውቀው ረጅም ቁጥር።

«እማ! ደረስን! ደርባን ገባን፣ መሬት ላይ ቆሜ ነው የምደውልልሽ!»

ሽታዬ ተነሣች። ጀልባዋ ተናወጠች። ሱሌይማን በሽርጧ ጎትቶ አስቀመጣት።

«አልዬ! አልዬ! አምላኬ ሆይ… መሬት ረግጠሃል? በእግርህ?»

«በሁለት እግሬ! አንቺስ የት ነሽ? የውሃ ድምፅ ይሰማኛል።»

«ሐይቅ ላይ ነኝ።»

«ሐይቅ ላይ? አንቺ? ምን ልትሠሪ?»

«ያንተን ነገር ልጠይቅ ነዋ! ሰላማዊን እንዴት አለፍካት ልጄ? ጎዳችህ?»

«ሰላማዊትን? ምን አድርጋኝ?»

«ማዕበሏ!»

«የምን ማዕበል? እማ፣ ከሲንጋፖር ደርባን ህንድ ውቅያኖስ ነው፤ ሰላማዊ ውቅያኖስን በዓይኔም አላየሁት።»

«ታዲያ በስልክ ‹አታስቢ፣ ሰላማዊ› ብለህ የተቋረጠው?»

«‹ሰላማዊት ትነግርሻለች› ነው ያልኩት! ሰላማዊት! እስከ ደርባን ኔትወርክ እንደሌለን ለእሷ አስረድቻት ነበር፤ ሂጂና ለእማ ንገሪያት፣ በዚያውም ትተዋወቃላችሁ አልኳት። ቡሹሎ የምትሠራዋ ነርስ… ሾርባ ልትበላ ትመጣ የለ? እማ? ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?»

አልተቋረጠም። ሽታዬ ናት ዝም ያለችው። ነጩ ጋዋን ከዛፎቹ መሐል ብልጭ ድርግም ሲል እያየች ነበር። የስንቱን እናት ልጅ በልታለች። አላምናትም። ዓይኗን ላየው አልፈልግም።

«ሱሌይማን» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «መልሰኝ። ቶሎ ቅዘፍ።»

ሱሌይማን እየቀዘፈ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የስልኩን ጩኸት ሁሉ ሰምቶ፣ ሳቁን አፍኖ።

«ብትስቅ ውርድ ከራሴ! ሐይቅ ውስጥ ነው የምጨምርህ!»

«እኔ ምን አልኩ እትዬ? ምራትሽን ግን ከአያ ጅቦ ጋር አስተካከልናት…»

«ዝም በል አልኩህ!»

ዳር እንደደረሱ ጋሽ ፍቅሬ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። «ደወለ!» ብላ አልፋቸው ገባች። «ህንድ ላይ ነበር ጋሼ! ሰላማዊ ሰው ናት!» ጋሽ ፍቅሬ ማንኪያ ፍለጋ ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ ይህን በካርታ ማን ያሳያቸው? ሽታዬ ትልልቅ ቆሮሶ መርጣ ጠበሰች፤ ዘይቱ በደንብ ግሎ፣ ዳጣው በጎን፣ ዋሳው፣ የቆጮው ቂጣ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ። ሁሉንም ድስት ውስጥ አድርጋ በነጠላዋ ቋጠረችና ባጃጅ አስቆመች። «ቡሹሎ።»

ጤና ጣቢያው ግቢ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር የተራ መጠበቂያ አግዳሚ አለ። ሲስተር ከክፍሉ ስትወጣ ሽታዬን ከነድስቷ ቆማ አየቻት። እሷም ባለችበት ቆመች።

«ልጄ፣ ስለ ውቅያኖስ ነበር ያወራሁት» አለች ሽታዬ።

«ምን?»

«ያን ቀን። ልጅ በላች ያልኩት። ውቅያኖሷን ነው። ሰላማዊ የሚባል ውቅያኖስ አለ፤ አንድ ፈረንጅ ደክሞት ያወጣለት ስም ነው። እኔ ደግሞ አልአዛር እሱ ላይ ያለ መስሎኝ… ስምሽን መች ነገርሽኝ? ሲስተር አይደለሽ እንዴ? ቴሌቪዥን ላይ አየኋት ያልኩሽ… እንዴት ብዬ አንቺን ቴሌቪዥን ላይ አይሻለሁ?»

ሰላማዊት አንዱን ቃል ከሌላው ጋር ለማገናኘት ግንባሯን ቋጥራ ሰማች። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነችው። ሽታዬ የምታለቅስ መስሏት ድስቱን እንደያዘች ተጠጋች። ልጅቷ ስትስቅ ነበር፤ እንባዋ ግን እውነተኛ እንባ ነው።

«እኔ… እኔ ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ አየኋት ሲሉኝ፣ ማንን አይተው ይሆን ብዬ ስንት ቀን አሰብኩ!»

«ደርባን ገብቷል።»

«ደውሎልኛል። አሁን ነው ስልኩን የዘጋሁት። እናቴ ሐይቅ ላይ ናት፣ ምን እንደነካት አላውቅም አለኝ።»

«ስምሽን ማን አወጣልሽ?»

«አባቴ። እኔ ስወለድ ቤታችን ጠብ ብቻ ነበር አሉ። እሱና እናቴ።»

«ታረቁ?»

«አልታረቁም» አለች ሰላማዊት ዓይኗን እየጠረገች። «ስሜ ግን ቀረ።»

ሽታዬ ይህን የት እንደምታስቀምጠው አላወቀችም። ባሕሩን ሰላማዊ ካለው ሰውዬ ጎን ወይስ ከራሷ አባት አሪቲ ጎን? ተወችው።

«ይቀመጡ እንጂ እትዬ» አለች ልጅቷ አግዳሚውን በመዳፏ እየጠረገች። «ምነው ቆሙ?»

እንዲያው ቆማ ኖሯል። ጉልበቷ መታጠፍ የረሳ ይመስል ቀስ ብላ፣ አንድ እጇን ዛፉ ላይ ደግፋ፣ አግዳሚው ላይ ዐረፈች። ነጠላውን ፈታችው። ድስቱ ሲከፈት ዓሣውና ዳጣው ተቀላቅለው አወዱ። ሰላማዊት ዓይኗን ጨፍና «እንዴት ደስ የሚል ሽታ!» አለች። ሽታዬ ቀና ብላ አየቻት። እሾሁን በጣቷ እየለቀመች፣ ከንፈሯ ሳታዘው ዜማውን ያዘ፦

«ሐይቁ ረጋ ቢሉኝ ወርጄ ባየው…»

«ከዚያስ?» አለች ሰላማዊት።

ሽታዬ ስንኟን ታውቃታለች፤ አባቷ ሰሞኑን መልሶላታል። ምላሷ ላይ ናት። ግን ዛሬ አልፈለገቻትም።

«…ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ነይና ብዪው!»

ብላ አጎረሰቻት። ከዚያ ለራሷ በዋሳ ጠቅለል አድርጋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሮቿን ሣሩ ላይ ዘርግታ፣ ቁጭ ብላ በላች።